የጉንጭ ጠጋኞች

እናንተዬ፣ የሰው ፊት የማን ንብረት ነው? የባለቤቱ ነው እንዳትሉኝ። እኔ የመኪና ቦዲ ጠጋኝ ነኝ፤ በጋራዥ ቋንቋ ባትላሜራ የሚሉን ዓይነት። አቃቂ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የተጨረማመተ ላሜራ ሳቃና ስኖር፣ አንድ መንገደኛ የማያውቀውን ሰው መኪና አስቁሞ፣ የተገጨውን ፓራፋንጎ በጣቱ እየነካካ «ምነው? ምን ነክቶት ነው? ነጭ ሽንኩርት ቢያሹበት ጥሩ ነው» ሲል አንድም ቀን አላየሁም። ቢሞክረው ባለመኪናው ወርዶ ያንቀዋል። ፊት ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ባለሥልጣን ነው። ከአቃቂ ሳሪስ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠች ሴት፣ ስማችሁን ሳትጠይቅ፣ ወራጅ እስክትል ድረስ ባሉት አራት ፌርማታዎች ውስጥ በሽታችሁን አውቃ፣ መድኃኒቱን አዝዛ፣ ያዳነቻቸውን ሰዎች ቆጥራላችሁ ትወርዳለች። ሰላምታችን ራሱ ምርመራ ነው። «ከሳህ»፣ «ጠቆርክ»፣ «ምነው ፊትህ?» ይቀድማል፤ እግዜር ይመስገን የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያናግረኝ የእህቴ ልጅ የማህሌት ነገር ነው። ማህሌት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ክር ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች ብጉር ፊቷ ላይ ሰፈረ። እስካሁንም ጨርሶ አልለቀቀም፤ ከለቀቀበት ቦታ ደግሞ ባዶ እጁን አልሄደም፣ ሁለቱን ጉንጮቿን ቦርቡሮ ነው የሄደ። ዱቄት ሲነሰነስበት የሚጠፋ ምልክት እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ የስንዴ ፍሬ ቢያስቀምጡበት የሚይዝ ጉድጓድ ነው። የምንኖረው ሰባት አባወራ በሚጋራው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እኔ በአንዱ ቤት፣ እህቴ አስካለና ማህሌት በሚቀጥለው። ሰባት አባወራ ማለት ሰባት ክሊኒክ ማለት ነው።

የዘጠኝ ዓመቱን የሐኪም ትእዛዝ ልዘርዝርላችሁ ብል ወረቀት አይበቃኝም። አንዷ የእንቁላል ነጩን አለች፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ እሬት። ማዶ ያለው የባቡር ጡረተኛ ደግሞ «ጠዋት ከማንም ሳትነጋገሪ የራስሽን ምራቅ ቀቢበት» አላት። ልጅት ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ለጎረቤት ሰላምታ ሳትመልስ ፊቷን በምራቅ ስትቀባ ከረመች። ግቢው ውስጥ «ሥራ ከያዘች ወዲህ ኮራች» ተባለ። ጉድጓዱ ንቅንቅ አላለም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ስታገቢ ይለቅሻል» የሚለው ወገን ነው። ባል ቅባት ነው እንዴ? እኔ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ ትዳር ፊት ላይ መስመር ሲጨምር እንጂ ሲያጠፋ አላየሁም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ግን ከእነዚህ ሁሉ ሐኪሞች መካከል «ልጄ፣ ይሰማሽ ይሆን?» ያላት አንድ ሰው የለም። እኔንም ጨምሮ።

አሁን ወደ ሊዲያ ልምጣ። ሊዲያ የማህሌት የልብ ጓደኛ ናት፤ ቤታቸው ከእኛ ግቢ ጀርባ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተገናኙ፣ ከዚያ ወዲያ ተለያይተው አያውቁም። ማናቸውም ቀድማ ብታገባ ሌላዋ አንደኛ ሚዜ እንድትሆን የተማማሉት ገና ዩኒፎርም ለብሰው ሳሉ ነው። ሊዲያ ቀደመች። ሠርጉ አራት ወር ሲቀረው መጥታ እኛ በረንዳ ላይ ተቀመጠችና፣ እኔ አጠገባቸው ሻይ እየጠጣሁ፣ ድምፅዋን ማር አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ማሂዬ፣ ቪዲዮው ፎር ኬ ነው፣ ትንሿን ነገር ሁሉ ያሳያል። ሜካፕ የምትሠራን ልጅ ፎቶሽን አይታ ‘ፋውንዴሽኑ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል’ አለች። እስከዚያ ፊትሽን ትንሽ አስተካክዪው፣ እሺ? ካልሆነም ችግር የለም፣ አራተኛ ትሆኛለሽ።»

ከአንደኛ ወደ አራተኛ! መንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳን ሰውን ሦስት ደረጃ ዝቅ ሲያደርግ ደብዳቤ ይጽፋል። ማህሌት «እሺ» ብቻ አለች። ጓደኛዋን እስከ በር ሸኘች፣ ተመልሳ ገባች፣ እራቷን ሳትበላ ተኛች። እሷ የፈለገችው ፎቶ አልነበረም፤ የሊዲያን ክንድ ይዛ ከቤት መውጣት ነው የፈለገችው። ይሄ ገብቶኛል። እኔ ግን ጉድጓድ ሞልቶ የሚኖር ሰው ነኝና የሚገባኝን ትቼ የምችለውን ተናገርኩ። በማግስቱ «ተነሺ፣ አብረን እንወጣለን፣ አንድ መፍትሔ አይጠፋም» አልኳት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

መጀመሪያ የሄድነው ሳሪስ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ነው። ሻጩ ማህሌትን ገና ከበሩ ሲያያት «አውቄዋለሁ፣ አትንገሪኝ» አላት። ከመደርደሪያው ሥር ስምም አድራሻም የሌለው ብልቃጥ አወጣ። ውስጡ ምን አለ ብዬ ስጠይቀው «ቅልቅል ነው፣ አምስት ክሬም አንድ ላይ» አለኝ፣ በኩራት። አምስቱ እነማን ናቸው ስለው ተቆጣ። እኔ አሮጌ ቀለም የምገዛበት ሱቅ እንኳን ቆርቆሮው ላይ ጽሑፍ አለው፤ ያውም ለአጥር በር ነው የምቀባው። «ጉድጓዱን ይሞላዋል?» አልኩት። «ፊቷን ያቀላዋል» አለኝ። እኛ የጠየቅነው ሌላ፣ እሱ የሚሸጠው ሌላ። ጉድጓዱ እዚያው ሆኖ ነጭ ጉድጓድ ልትሆን ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው የውበት ሳሎን ነው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የታሰረ ሰርተፍኬት ተሰቅሏል፤ ጠጋ ብዬ ሳነበው የሦስት ሳምንት ሥልጠና ነው። እኔ ላሜራ እንድነካ የተፈቀደልኝ ሁለት ዓመት ብሎን ከፈታሁ በኋላ ነበር። ባለሳሎኗ መሣሪያዋን አሳየችን፦ እጀታ ያለው፣ ዙሪያውን በደቃቅ መርፌ የተወረረ፣ የቀለም ሩሎ የመሰለ ነገር። ፊት ላይ ሲንከባለል ቆዳውን ይወጋና ከውስጥ እንዲሞላ ያደርገዋል አለች። እውነትም ሊሆን ይችላል። ያስደነገጠኝ ሩሎው የተቀመጠው ሰማያዊ ውኃ በያዘ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ መሆኑ ነው። «ለሁሉም ሰው ይሄው አንዱ ነው?» አልኳት። «አልኮል እናስነካዋለን፣ አታስቡ» አለችኝ። የልጄን ያህል የማያትን ልጅ ክንድ ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ወረፋ የያዙ አራት ሴቶች እንደ ገጠሬ አዩኝ።

ሦስተኛው መጀመሪያ መሄድ የነበረብን ቦታ ነው፤ መቼም እኛ መጀመሪያ የሚሄዱበትን መጨረሻ እንሄዳለን። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ማለዳ ተሰልፈን፣ ከቀትር በኋላ ገባን። ሐኪሟ ከማህሌት ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ጉንጯን በመብራት አየች፣ በጣቷ ወጠር አደረገች፣ ከዚያ በወጉ አስረዳችን። ጉድጓዱ የላይ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ቆዳውን ወደ ታች የሚጎትት እንደ ክር ያለ ጠባሳ አለ፤ እሱን በመርፌ ከሥር ገብቶ መበጠስ ይቻላል። በደቃቅ መርፌ መውጋቱም አለ፣ ግን ንጹሕ መርፌ፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ በየወሩ እየተመላለሱ። ጠባብና ጥልቅ የሆኑትን በአሲድ ጠብታ ማከም ወይም ቆርጦ መስፋት ይቻላል። በመርፌ የሚሞላም ነገር አለ፣ ቀን ሲቆጠር ይጎድላል እንጂ። ሌዘርም አለ፤ ለእኛ ዓይነት ቆዳ ግን የሚያውቅ ሰው በጥንቃቄ ካልሠራው ጉድጓድ ሞላሁ ሲል ጥቁረት ትቶ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ደግሞ አዲስ ብጉር እየወጣ አይጀመርም፤ መጀመሪያ እሱን ማቆም ነው።

ማህሌት ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። «ዶክተር፣ በአራት ወር ለሠርግ ይደርሳል?»

«አይደርስም» አለች ሐኪሟ። «ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በደንብ ከሄደልን ግማሽ ያህሉ ይሻልሻል። እንደ ሕፃን ጉንጭ አይሆንም።»

እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለዚህች ልጅ «አይሆንም» ያላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ደንበኛን «እንደ ፋብሪካው አይሆንም» ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እኔ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ለአንድም ደንበኛ ብዬ አላውቅም።

አንድ ቱቦ ቅባት አዘዘችላት። ማታ ብቻ፣ የምስር ፍሬ የምታክል፤ ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ፤ ቆዳው ይላላጣልና ፊትን መፈተግ ክልክል። በመጨረሻ «ለሌላ ሰው አትስጪ» ብላ አከለች። ደግ ሐኪም ናት፤ አቃቂን ግን አታውቅም።

ይኸውላችሁ፣ በእኛ ግቢ ጨው ብቻውን የሚበላ ሰው ይታማል፤ መድኃኒት ብቻውን የሚቀባማ ምን ሊባል ነው? እህቴ አስካለ ደግሞ ደግነት እንደ በሽታ የተጠናወታት ሴት ናት። ለጎረቤት ካላካፈለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጨርቃ ጨርቅ የምትነግደው የወሎዋ ዘሀራ መጣችና «አስኩዬ፣ የልጅሽ ፊት ጥርት እያለ ነው፣ እስቲ ትንሽ ቆንጥሪልኝ» አለች፤ በጠርሙስ ክዳን ተቆነጠረላት፣ ለክርኗ ጥቁረት። የባቡር ጡረተኛው ለእግሩ ኪንታሮት ወሰደ። አንዷ ለቃጠሎ፣ አንዷ ለማዲያት፣ አንዷ «ለምን እንደሆነ ኋላ ይታወቃል» ብላ። ማህሌት ፋብሪካ ውላ ስትመለስ ቱቦው እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሆኖ ጠበቃት። አልዋሽም፣ እኔም መላጣዬ ላይ ሞክሬዋለሁ። ፀጉር አልበቀለም፤ አናቴ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ድንች ተላጠ፣ ጋራዥ ውስጥም ኮፍያ አድርጌ ከረምኩ። ግቢው በሙሉ ተላልጦ እርስ በርስ ሲተያይ አንድም ሰው መድኃኒቱን አለቦታው ቀባሁት አላለም። «ሙቀቱ ነው ዘንድሮ» ተባለ።

ማህሌት ሁለተኛ ቱቦ ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ሦስት ወር በትእዛዙ መሠረት ተቀባች። ጉድጓዶቹ አሉ፤ አዲሱ ብጉር ግን ቆመ፣ የፊቷም ቆዳ ጠራ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሊዲያ ለቀሚስ ልኬት መጥታ አየቻትና ዓይኗ እዚያው ቀረ። ስጪኝ አለች። ልብ በሉ፣ የሊዲያ ፊት እንከን የለውም፤ ጉድለቷ እንከን የሌለው ፊት አልበቃት ማለቱ ነው። ማህሌት አስረዳቻት። ሐኪም ለእኔ ነው ያዘዘው፣ መጀመሪያ ያላልጣል፣ ለሠርግሽ አይሆንም፣ ከፈለግሽ ከሠርጉ በኋላ አብረን ሐኪሟ ጋ እንሂድ አለቻት።

«ቀንተሽ ነው» አለቻት ሊዲያ። «አራተኛ ስላደረግኩሽ ነው።»

ማህሌት ፊቷ ተለዋወጠ። ሊዲያ ተነሥታ ወጣች፣ እንደወጣች ግን ቤቷ አልገባችም፤ ዞራ ማድ ቤት ወዳለችው አስካለ ሄደች። የቀረውን ገምቱት። እህቴ የሻንጣው ትርፍ ቁልፍ ነበራት፤ ሙሽራ ለምና እንዴት ባዶ እጇን ትመለስ? ግማሹ ቱቦ ወደ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተገለበጠ። ሊዲያ የምስር ፍሬ የሚባለውን ወደ ባቄላ አሳደገችው፣ የማታውን ጠዋትም ጨመረችበት፣ ፀሐይ ለፀሐይ የጥሪ ካርድ ስታድል ሰነበተች። መላጥ ሲጀምራት ደግሞ «የተላጠውን ላስነሳው» ብላ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳሎን ገብታ ፌሻል ተሠራች፤ እንደ ድስት አስፈተገችው።

የሠርጉ ዕለት፣ እሁድ ጠዋት፣ ሊዲያ ቤት የተጠራሁት የሙሽሮቹን መኪና እያስዋብኩ ሳለ ነው። «ጋሽ ተፈራ፣ ካቻቢቴ ይዘህ ና! በሩ እንዲፈታ!» ይላሉ። ስደርስ ሙሽራዋ መኝታ ቤቷን ከውስጥ ቆልፋ አልወጣም ብላለች። ሜካፕ ሠሪዋ ሻንጣዋን ዘግታ ኮሪደር ላይ ቆማለች፤ ዱቄቱ ፊቷ ላይ አልይዝ ብሎ እንደ አሮጌ ኖራ እየተቀረፈ ወረደ፣ ሥሩ ቀይ ሥጋ ሆኗል ትላለች። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በር ላይ ደርሷል። ደጅ ያሉት ልጃገረዶች እንደ ወጉ እየዘፈኑ ከልክለውታል፤ ሌላ ጊዜ ሙሽራ በር ላይ የሚቆመው ለጨዋታ ነው፣ የዛሬው የምር መሆኑን እሱ አላወቀም፤ እየሳቀ ላቡን ይጠርጋል። የሊዲያ እናት ወይዘሮ ሙሉ ማህሌትን ባዩ ጊዜ «አንቺ ነሽ ይህን መርዝ ያመጣሽብን!» ብለው ጮኹባት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ማህሌት የአራተኛ ሚዜ ቀሚሷን ለብሳለች። አፌን ልከፍት ስል ግን ቀድማኝ ወደ በሩ ሄደች።

«ጋሼ፣ አትፍታው» አለችኝ። ካቻቢቴው እጄ ላይ ቀረ። በሩን በጣቷ ቆረቆረች። «ሊዱ፣ እኔ ነኝ።»

ከውስጥ ለቅሶ ነው የመለሰላት። «ማሂ፣ በዚህ ፊት ሰው መሃል አልወጣም። እዩኝማ! ሁሉም እኮ ነው የሚያየኝ።»

ማህሌት ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፣ ሽንገላም የለበትም።

«እኔ በዚህ ፊት ዘጠኝ ዓመት ካንቺ ጋር ሄጃለሁ። አንቺ አንድ ቀን ሂጂ።»

ወይዘሮ ሙሉ እንኳን አፋቸውን ያዙ። እኔ፣ ሃያ ስድስት ዓመት መዶሻ ስሰማ የኖርኩ ሰው፣ ያን ያህል የከበደ ነገር ሲያርፍ ሰምቼ አላውቅም። ቁልፉ ከውስጥ ዞረ። ሊዲያ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ፊቷን በውኃ ብቻ ታጥባ፣ ቀይና ልጥልጥ እንዳለች ወጣች። ማንንም አላየችም። የማህሌትን ክንድ ያዘች። የትኛዋ ሚዜ የት እንደምትቆም የተጻፈበት ወረቀት ነበር፤ ማን እንደጣለው አላውቅም። ቪዲዮ ቀራጩ ማህሌትን «አንቺ፣ ትንሽ ወደ ኋላ» አላት። ሊዲያ ዘወር ብላ አየችው፤ ዳግመኛ አልጠየቀም።

ድንኳኑ ውስጥ ምሳ ላይ ሁሉም እያየ እንዳላየ ሆነ፤ ይህን ያህል ጨዋነት ከሰፈራችን ሰው አልጠበቅኩም ነበር። ብዙም አልቆየ። ከሙሽራው ወገን የሆነች አንዲት አክስት፣ ስሟን አላውቅም፣ ዓይነቷን ግን አሳምሬ አውቃለሁ፣ ወደ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ወጣችና የሊዲያን አገጭ በጣቷ ቀና አደረገች። «ውይ የኔ ልጅ! ምነው ፊትሽ? አይዞሽ፣ እኔ ጋ አንድ ነገር አለ፣ በሦስት ቀን ነው…»

ሊዲያ አንገቷን ደፋች። ማህሌት ግን ከጎኗ ተነሣች። ጥብሱንም ዶሮውንም ቅቤ በጠጣ እንጀራ አንድ ላይ ጠቅልላ፣ የቡጢ ያህል አድርጋ፣ ግራ እጇን ከቀኟ ሥር ደግፋ በሙሉ አክብሮት ዘረጋች። «እማማ፣ በሞቴ!»

ጉርሻ እምቢ አይባልም። አክስትየዋ ዓይኗ እስኪፈጥ አላመጠች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ማህሌት ወዲያው ሁለተኛውን አስከተለች። ሦስተኛውን፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ፣ ቬሏን ወደ ኋላ ገልብጣ የጠቀለለችው ሙሽራዋ ራሷ ናት።